የጧፍ ሰም በአንሙት ፀጉር ሥር

ባለፈው ሰሞን ማንኩሳ ሙት ዓመት ነበረብኝና ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ከፊቴ አንድ ጎረምሳ ተቀመጠ። ፀጉሩ ድሬድ ነው፤ ትከሻው ላይ ደርሷል፤ በላስቲክ ወደ ኋላ ጠፍሮ አስሮታል። ሹፌሩ ገና ሞተር ሳያስነሣ ከልጁ ማጅራት ሽታ መጣብኝ። ሽቶ አይደለም፣ የሱቅ ቅባትም አይደለም። የንብ ሰም ነው፤ በፀሐይ ሞቆ ከላብና ካቧራ ጋር የተለወሰ ሰም። ያንን ሽታ ካሸተትሁ ስንት ዘመን እንደሆነኝ እኔ ረስቼዋለሁ፣ አፍንጫዬ ግን አልረሳውም። መስኮቱን ክፈቱልኝ አልሁ፤ ተከፈተ። ነፋሱ ገባ፤ ዝጉልኝ አልሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ዘወር ብሎ ገላመጠኝ፤ እውነቱን ነው። ድሮም አርፌ መቀመጥ አላውቅም፣ ሳረጅ ደግሞ ብሶብኛል። የነጠላዬን ዘርፍ በጣቴ ማዞር ጀመርሁ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ፀጉር ሲገምድ የኖረ ጣት ሥራ ሲያጣ የሚይዘው እሱን ነው።

ከጆሮው በላይ ያለውን ቦታ አየሁት። ሳስቷል። ቆዳው ያብለጨልጫል፤ ፀጉሩ በሚነሣበት መስመር ላይ ጤፍ ጤፍ የሚያህል ብጉር ወጥቷል። ሥሩን አለቅጥ ነው የሚያጠብቁለት። «ልጄ» ልለው አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። በሰው ልጅ ፀጉር ምን አገባኝ? ደግሞስ ዝም ብዬ ባልፈው ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኛል ወይ? የምሄደው የእትየ ጠጅቱ ሙት ዓመት ላይ ነው። እትየ ጠጅቱ ማለት የአንሙት እናት ናቸው፤ አንሙት ማለት ደግሞ በእጄ ድሬድ የሠራሁለት የመጀመሪያው ሰው ነው። እንግዲህ በዚያ ቀን፣ በዚያ መንገድ፣ ያንን ሽታ ከፊቴ አምጥቶ የሚያስቀምጥ ማን ነው? ወይ ጉድ አልሁና ወደ ውጭ ማየት ጀመርሁ። የማየው ግን የውጩን አልነበረም።

ያኔ ደርግ ወድቆ፣ አዲሱ መንግሥት ገብቶ፣ ትንሽ ቆይቷል። ስብሰባው በዝቷል፤ ዛሬ ቀበሌ፣ ነገ ገበሬ ማኅበር ይባላል። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዓመት ይዤ አላውቅም። የማውቀው ሻይ ሠላሳ ሳንቲም እንደነበረ፣ ሹርባ በሁለት ብር እሠራ እንደነበረ ነው፤ ለሙሽራ ሦስት። ፀጉር ቤቴ ከመናኸሪያው ማዶ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ አንድ በር ብቻ ያላት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ነበረኝ፤ ሴት ካላስቀመጥሁበት መብራት አይጠፋም፣ ካስቀመጥሁ ግን ይጠፋል። በቅርጫት ሙሉ የፀጉር መጠቅለያ ቢጉዲን፣ በከሰል የሚግል የፀጉር መተኮሻ ፒያስትራ፣ ጥርሱ ግማሹ የረገፈ ማበጠሪያ። የማዶው ሻይ ቤት ቴፑን ከጠዋት እስከ ማታ ያስጮኸዋል፤ ካሴቱ ሲተበተብበት በእስክርቢቶ ያጠነጥንና እንደገና ከመጀመሪያው ይለቀዋል፤ ስለዚህ አንዱን ዘፈን ሳልወድ በግድ ተምሬዋለሁ። የከተማው ወጣት ሰፊ ጅንስና ሸራ ጫማ የጀመረው ያኔ ነው። ባላገሩ ግን በአረንጓዴ ቁምጣውና በበረባሶው፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ነው በበራፌ የሚያልፈው። የዳቦ ሽታ፣ የናፍጣ ሽታ፣ ከቡሬና ከማንኩሳ የሚመጣው የበርበሬ ሽታ። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሞበታል። በዚያ በኩል ባልፍም ቀና ብዬ አላየውም።

አንሙት ለትምህርት ከማንኩሳ ገጠር መጥቶ ከግቢዬ አንድ ክፍል ተከራየ። ከሱ በፊት የተወለዱት ሁሉ ሞተውባቸዋል፤ አንሙት የተባለውም ለዚያ ነው። ሲወለድ እትየ ጠጅቱ ተሳሉ። ልጁ ከተረፈላቸው ራሱን ምላጭ ሳይነካው ሊያድግ፣ ሲጎለምስ በገዛ እግሩ ግሽ ዓባይ ሄዶ ሊላጭ፣ ፀጉሩም ሙሉው እዚያው ለጸበሉ ቦታ ሊሰጥ። በኛ አገር እንዲህ ያለ ስለት ብርቅ አይደለም፤ ብርቅ የሚሆነው ልጁ እስኪጎለምስ መታገሡ ነው። ማበጠሪያ ይነቅለዋል ብለው ስለሚፈሩ አያበጥሩትም ነበርና ፀጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ዘለላ ዘለላ ሆኗል። አገር ቤት ሳለ «የስለት ልጅ» ይሉታል። ከተማ ሲገባ «ራስታው» አሉት። ያው አንድ ፀጉር እኮ ነው። የመጀመሪያውን ስም አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ የኖረ ልጅ፣ ሁለተኛውን ሲሰማ ደረቱን ነፋ። ሸራ ጫማ ገዛ። የትምህርት ቤቱ ክበብ ውስጥ ገብቶ እስክስታ መታ፤ ያንን ፀጉር ሲነሰንሰው ሴት ተማሪው ሁሉ እሱን ያያል።

አንድ ቀን መጥቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠና «እትየ ውዴ፣ ሥሩን ያስተካክሉልኝ፤ ከላይ ተንጨባረረ» አለኝ። እኔ ሹርባ እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ግን አዲስ የበቀለው ፀጉር ከአሮጌው ጋር ካልተገመደ እንደሚጎፍር ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። እያንዳንዷን ዘለላ ከሥሯ በውኃ አረጠብሁና በጣቴ ወደ ቀኝ አዞርኋት፤ ከዚያ በሁለት መዳፌ መሐል አሸት አሸት አድርጌ ፀሐይ ላይ አስቀመጥሁት። ሲደርቅ አምሮ ቆመ። ችግሩ በታጠበ ቁጥር መልሶ ይለቃል። «ይልቀቅ፤ በወሩ ትመጣለህ። ፀጉርም እንደ ሰው ትንፋሽ ይፈልጋል» አልሁት። በሳምንቱ መጣ። በሳምንቱ መልሶ መጣ። ልጁም እንደኔ አርፎ የማይቀመጥ ነበር፤ ለዚህ ይሆናል የወደድሁት።

እትየ ጠጅቱ በገበያ ቀን በርበሬ ይዘው ይመጣሉ። ልጃቸውን ሳያዩ ወደ ገበያ አይገቡም። አንድ ቀን ሥሩን ስይዝለት ቆመው አዩኝና «በምንድን ነው ምትይዥው ውዴ?» አሉኝ።

«በውኃ ነው እትየ። ትንሽም ቅቤ ጠብ አደርግበታለሁ።»

«ቅቤማ ይቀልጣል።» መቀነታቸውን ፈተው በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጡ። ደብራቸው ውስጥ ጧፉ ነዶ ሲያልቅ የሚቀረውን ሰም ለቅመው ነው። «ይኼን አድርጊበት። የቤተ ክርስቲያን ነው። የስለት ፀጉር በሱቅ ቅባት አይነካም።»

ምን እላለሁ? የስለቱ ባለቤት እሳቸው፣ የልጁ ባለቤት እሳቸው። ከሰሉ ላይ አሙቄ፣ በጣቴ እየነካሁ፣ በያንዳንዷ ሥር ቀባሁት። እውነት ለመናገር አማረ። ዘለላው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ በውኃ የሚለቅ ነገር የለም። አንሙት መስታወቴ ፊት ቆሞ አልሄድ አለኝ። እትየ ጠጅቱ ደግሞ ራሱን አሸተቱና «ደብር ደብር ይሸታል» ብለው ፊታቸው በራ። ሦስታችንም ደስ አለን። የዚህ ዓይነት ስሕተት ማር አገር ያለ፣ ጧፍ የሚያከብር ሰው እንጂ ሌላው አይሳሳተውም።

ሰም በውኃ አይለቅማ። ያን ጊዜ መንገዱ ገና ጠጠር ነው፤ አንድ አይሱዙ ሲያልፍ ከተማው ለጊዜው አይታይም፤ ያ አቧራ ሁሉ ሰሙ ላይ ይለጠፋል። እያደር የዘለላው ውስጥ ግራጫ ሆነ። ቢታጠብ ውኃው ውስጥ ይገባና አይወጣም፤ ክረምቱ ሲገባ ፀጉሩ ሳይደርቅ የታጠፈ ጋቢ ሸተተ። አንሙት ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ራሱን በእርሳስ ጫፍ ያካል። «እትየ፣ በሙቅ ውኃና በሳሙና እናስለቅቀው» ብዬ ለመንኋቸው። «የስለት ፀጉር በሳሙና?» አሉና ነገሩ እዚያው ቀረ። አንድ ቀን ብቻ፣ ድንገት፣ ፈገግ ሳይሉ እንዲህ አሉኝ፦ «ውዴ፣ ስለቱ ሳይገባ አንዲት ዘለላ ከወደቀች ከላይ ልጄን ጠርተውብኛል ማለት ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ራስ በያዝሁ ቁጥር ዘለላዎቹን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ።

ይኼ እንዳይበቃ ቡሬ ላይ አንድ ጎረምሳ ከአዲስ አበባ መጣ። ወንበሩን ዛፍ ሥር አውጥቶ በኪሮሽ መንጠቆ የፀጉር ሥር ያጠብቃል አሉ። አንሙት ሲሰማ መች አርፎ ይቀመጣል፤ ሄደ። ጎረምሳው የዘለላውን ጫፍ ይዞ በገዛ ሥሩ በኩል በመንጠቆው ጎትቶ ያሾልከዋል፤ እንደዚያ የተያዘ ሥር ብታጥበውም አይፈታም። አንሙት ሲመለስ ቅንድቡ ወደ ላይ ተስቦ የተገረመ ሰው መስሏል።

«አያምህም?» አልሁት።

«ትንሽ ይወጥራል። ሲያምር እንዲህ ነው እትየ ውዴ።»

«ሲያጌጡ ይመላለጡ ሲሉ አልሰማህም?»

ሳቀ። መንጠቆው እያሳቀ መላጣ ሊያደርገው እንደሆነ አልገባውም። አዲሱ ፀጉር የጣት ጫፍ ያህል እንኳ ሳያድግ ደግሞ ይሄዳል፤ የቡሬው ጎረምሳም መንጠቆውን በዚያው ቀዳዳ ደጋግሞ ይከታል፤ ሥሩ ለሁለት ይሰነጠቅና ክር ይሆናል። በዚያ ላይ ለክበቡ ትርኢት ሁሉንም ወደ ኋላ ጎትቶ በላስቲክ ጠፍሮ ያስረዋል። ከባዱ ዘለላ ወደ ታች ይጎትታል፣ ላስቲኩ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ሁለቱ የሚጣሉት ከጆሮው በላይ ባለችው በዚያች ስስ ቦታ ላይ ነው። ብጉሩን አየሁ፣ መሳሳቱን አየሁ። ተቆጣሁት፣ ለመንሁት፣ ላስቲኩን ደብቄበት አውቃለሁ። ሌላ ገዛ።

እናቱ በበኩላቸው የግሽ ዓባይ ንግሥ የሚውልበት ጥር በተቃረበ ቁጥር «ዘንድሮ እንሂድ» ይላሉ። ፈተና አለብኝ ይላል። በሚቀጥለው ጥር የክበቡ ትርኢት አለ ይላል። አንድ ቀን በር ላይ ተቀምጦ «እትየ ውዴ፣ ይኼ ፀጉር ከተላጨ እኔ ማን እባላለሁ?» አለኝ። አሳዘነኝም፣ አናደደኝም። እናትዮዋ ፀጉሩ ሙሉውን እንዲደርስላቸው ይጠብቃሉ፤ ልጅዮው እንዳይሄድበት ይጎትተዋል፤ ፀጉሩ ደግሞ ሁለቱንም ሳይጠይቅ መርገፍ ጀምሯል። ይኼን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ሌት እገላበጣለሁ፣ ቀን የሰው ሹርባ አጣምማለሁ።

እትየ ጠጅቱ በገበያ ቀን መጡ። የበርበሬ ከረጢታቸውን ከበራፌ አስቀመጡ። አንሙት ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፤ እሳቸው እንደ ልማዳቸው ራሱን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት። ቀና ሲል አንዲት ዘለላ እጃቸው ላይ ቀረች። ከጆሮው በላይ የነበረችው ናት። አየኋት፤ ሥሯ ክር አክሏል። ከማዶ ቴፑ ያንኑ ዘፈን ይዘፍናል።

«አመመህ?» አሉት።

«ኧረ አላመመኝም፣ እማ።»

ይቺ መልስ ናት የገደለችኝ። ሥሩ ቀድሞ ካልሞተ ሲነቀል ያመው ነበራ። እትየ ጠጅቱ ዘለላዋን አጣጠፏት፤ ያን ጊዜ ሰሙን ባወጡበት መቀነት ጫፍ ቋጠሯት። ከረጢቱን ሳያነሡ፣ ገበያ ሳይገቡ፣ ወደ መናኸሪያው ሄዱ። ተከትዬ እስከ መንገዱ ወጣሁ፤ አልዞሩም።

በሚቀጥለው ገበያ ቀሩ። በርበሬያቸው እኔ ዘንድ ተቀምጧል፤ ባየሁት ቁጥር ያስነጥሰኛል። አንሙት ማንኩሳ ሄዶ ቤቱ ተዘግቶ አገኘው። ጎረቤት «ወደ ሰከላ በእግሯ ወጥታለች» አለው። ሰከላ ማለት ግሽ ዓባይ ያለበት አገር ነው። ተመልሶ መጥቶ በራፌ ላይ ተቀመጠ። «ተከተላቸዋ» አልሁት። «ብከተላት ምላጭ ይዛ ትጠብቀኛለች። ባልከተላት ደግሞ…» አለና አልጨረሰውም። እኔም ቤቱን ዘግቼ ልሄድ እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ። የአንዲት ሴት ግማሽ ራስ ሠርቼ በር ላይ ቆሜ መንገድ ሳይ «ውዴ፣ ዛሬ ምን ነክቶሻል?» ተብያለሁ። አንሙት ማንም ሳይነግረው ላስቲኩን ፈታና ጣለው።

መጡ። እግራቸው እስከ ጉልበት አቧራ ነው፤ ፊታቸው ከስቷል። ልጁ ተንደርድሮ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙትና «ስለቱ ገብቷል» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ውኃ አሙቂ። እስከ ዛሬ የስለት እንጂ የሱ አልነበረም። ከዛሬ ወዲያ ፀጉር ነው፤ ይታጠብ።»

የኑግ ዘይት ለብ አድርጌ አመጣሁ፤ ሰምን የሚያሸንፈው የሞቀ ዘይት ነው፣ ያንን ምጣድ ያጠበ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ጎን እኔ፣ አንድ ጎን እሳቸው ይዘን በየሥሩ እያሸን፣ የለቀቀውን በጨርቅ እየጠረግን፣ በሙቅ ውኃና በሳሙና ደጋገምንበት። የወረደው ውኃ የክረምት ጎርፍ ነው። እትየ ጠጅቱ የልጃቸውን ራስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲጠብቁት ኖረዋል እንጂ አጥበውት አያውቁም። ጣታቸው መጀመሪያ ይፈራ ነበር፤ በኋላ ደፈረ። አንሙት ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ለቀቀልን፤ ያን ቀን ብቻ ነው አርፎ ሲቀመጥ ያየሁት። እኔ ግን አልቻልሁም። «እትየ፣ ስለቱ ሙሉው ፀጉር አልነበረም ወይ? በአንዲት ዘለላ…» ስል «ገብቷል አልሁሽ እኮ ውዴ» አሉኝ። ሌላ ጥያቄ በማያስጠይቅ ድምፅ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሰም እጄ አልነካም። ለሱም ሆነ ከሱ በኋላ ለመጡት ሁሉ ሥሩን በውኃ ብቻ፣ ላላ አድርጌ፣ ወር ካልሞላ ሳልነካ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ ነው የሸኘሁት። ሰም ያፈነው ፀጉር እያደር ሕይወት ዘራ። መንጠቆና ላስቲክ የነቀሉት ግን፣ ከሁለቱ ጆሮዎቹ በላይ ያለው፣ አልተመለሰም። አንሙት ቆይቶ አስተማሪ ሲሆን ፀጉሩን ተቆረጠ። እኔው ነኝ የቆረጥሁለት፤ እያወራን፣ እየሳቅን። ያቺ አንዲት ዘለላ ግን ከሆዴ አልወጣችም። ለሰማይ ሙሉ ራስ ተስሎ አንዲት ዘለላ የሚሰጥ ሰው ምን ብሎ ነው የሚሰጠው? እሳቸውን ደግሜ ልጠይቅ ስል ስል እሳቸው ሄዱ።

ሚኒባሱ ማንኩሳ ላይ ቆመ። ወርጄ አላስችል አለኝና በመስኮቱ በኩል የጎረምሳውን ትከሻ ነካ አደረግሁት።

«ልጄ፣ ሥሩን ማነው የሚያጠብቅልህ?»

«ቡሬ ነው እማማ። ምነው?»

«አላላው በለው። ሰሙንም በሞቀ ዘይት አስለቅቅ። ይኼ ከጆሮህ በላይ ያለው ከሄደ አይመለስም።»

«ፋሽን ነው እኮ እማማ» ብሎ ሳቀ። ጣቱ ግን ከጆሮው በላይ ሄዶ እዚያው ቀረ። መኪናው ይዞት ሄደ።

ዳሱ ውስጥ ሰው ከበላና ከጸለየ በኋላ አንሙት አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። እሱም ሸምግሏል። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎታል፤ ሁለቱ ጎኖች እንደዚያው ባዶ ናቸው። የመንገዱን ልጅ ነገርሁት፤ ፈገግ አለ። ነጠላዬን እያዞርሁ ቆየሁና «አንሙት፣ እናትህ ያን ጊዜ ምን ብለው ነው ያስገቡት?» አልሁት።

«ልትሞት ስትል ነገረችኝ» አለ። «ዘለላዋ እጇ ላይ ስትቀር ደነገጠች። ሌላ ሳይወድቅ፣ እኔም ሳልጠራ፣ ቀድማ ለመድረስ በረረች። የግሽ ዓባዩ ቄስ ዘለላዋን ተቀበሏትና "ሙሉው ፀጉር አልነበረም ወይ የተሳልሽው? የቀረውስ የት አለ?" አሏት።»

«እሳቸውስ?»

«"የቀረው ልጁ ራስ ላይ ነው አባቴ። ልጁም በሕይወት አለ" አለቻቸው።»